ለዴንዚል ቁመት የሚበቃ ሶፋ

ሴማፎር፣ ፌብሩዋሪ 4

ወንድሜ ዴንዚል፣

ጤናህን አልጠይቅም። ብጠይቅህ «ደህና ነኝ» ትለኛለህ፣ እኔም አላምንህም፣ ሁለታችንም ወረቀት አባከንን ማለት ነው። እኔ ግን ደህና ነኝ። ከጉልበቴ፣ ከቀኝ ትከሻዬና ከላይኛው ፎቅ ከበሮ መቺ በቀር የሚያሳስበኝ ነገር የለም።

በካርድህ ላይ ለጠየቅከኝ መልሱ ይኸው፦ ቁመትህን የፈለግኩት ለሬሳ ሣጥን አይደለም። ለሶፋ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልድገምልህ፣ ኋላ «አልሰማሁም» እንዳትል። እዚህ አዴሌድ ያለው ሐኪም የቀኝ ዓይንህን ሞራ ሊገፍልህ ለሜይ 2 ቀጥሮሃል። ይህ ቀን ካመለጠህ የሚቀጥለው ተራ ለከርሞ ነው፤ እስከዚያ ደግሞ፣ ሐኪሙ ራሱ እንዳለው፣ ጨውና ስኳርን በምላስ ነው የምትለየው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሁለት ሳምንት ጠብታ የሚያደርግልህ ሰው ያለበት ቤት መክረም አለብህ። ያ ቤት የኔ ነው። የኔ ቤት ደግሞ ትልቁን ከሸጥኩ ወዲህ አንድ መኝታ ክፍልና አንድ ሳሎን ነው፤ ከሳሎኑ ጥግ ድስት የሚጣድበት ስፍራ አለ፣ እሱን ወጥ ቤት እንለዋለን።

አንተ በገና ምን አልክ? «ያንቺን አልጋ ይዤ አንቺን መሬት ላይ አላስተኛም። ማንንም ሳላፈናቅል የምተኛበት ነገር ካገኘሽ እመጣለሁ። ካላገኘሽ ዓይኔ እንደ ፈለገው ይሁን» አልክ። ምግብ ጎርሰህ ነበር፣ ግን ብለሃል። እኔ ይህን እንደ ውል ይዤዋለሁ። ስለዚህ ቀን ሶፋ፣ ማታ አልጋ የሚሆን ነገር ልፈልግ ተነሥቻለሁ። በመስኮቱና በማቀዝቀዣው መካከል የሚገባ ትንሽ፣ አንተን የሚችል ትልቅ። መሐንዲሶች ይርዱኝ።

ቁመትህን ላክ። እውነተኛውን።

በገና ስለ ሠራኸው ጣፋጭ፣ ስለ ፑዲንጉ፣ የተናገርኩትንም ይቅር በለኝ። እንደ ጎማ ነበር፣ ግን መናገር አልነበረብኝም።

እህትህ ሜርና


ኩበር ፒዲ፣ ፌብሩዋሪ 15

ሜርና፣

ፊደሌ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ የገዘፈው ተቆጥቼ አይደለም። ካልገዘፈ አላየውም።

ቁመቴ አንድ ሜትር ከዘጠና ሁለት ነው። ከየት አመጣኸው እንዳትይኝ፤ በቁፋሮ ፈቃዴ ላይ መንግሥት ራሱ ጽፎታል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ደብዳቤሽን የምታነብልኝ የፖስታ ቤቷ ዝላታ ናት፣ መስኮቷ ላይ ሆና። ዝላታን ሲፈጥራት ማንሾካሾክን ረስቶባታል። ስለ ፑዲንጉ የጻፍሽውን ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ በሙሉ ሰምቶ «ይቅር በላት!» አለ። አንዱ ብቻ «ጎማ ከሆነ እውነቷን ነው» አለ። ይቅር ብያለሁ።

ወደ ሶፋው ልመለስ። ታጣፊ ሶፋ አውቃለሁ። አጎታችን ቤት የነበረው ሲዘረጋ ልክ ወገብ ላይ የሚያልፍ ብረት ነበረው። ያን ብረት መሐንዲስ አላስገባውም፤ እንግዳ የሰለቸው ባለቤት ነው ያስገባው። ሦስት ሌሊት ተኝቼበት አራተኛው ቀን ላይ «ሥራ አለብኝ» ብዬ ተነሣሁ። ሥራ አልነበረኝም።

እኛ እዚህ በረሃ ቤታችን ከመሬት በታች የተፈለፈለ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ሶፋ አንመርጥም፤ ግድግዳውን እንቆፍራለን። ጎረቤቴ ባለፈው ክረምት አማቱ እንደምትመጣ አርብ ሰማ፣ ሰኞ ክፍል ነበራት። ለመሆኑ ካንቺ ግድግዳ ላይ ሁለት ሜትር መግባት አይቻልም? መቆፈሪያ ይዤ ልምጣ።

ስለ ዓይኔ አታጋኚ። ትንሽ ጭጋግ ቢጤ ነው። ቀለም አሁንም እለያለሁ። ባለ ቀለሙን የኦፓል ዕንቁ የሚቆፍር ሰው ቀለም ካልለየማ የሚያወጣው አፈር ነው።

ዴንዚል


ሴማፎር፣ ማርች 1

ወንድም ዓለም፣

አይቻልም። ከግድግዳው ጀርባ ጎረቤቴ አቶ ፔቲግሩ ገላቸውን ይታጠባሉ። ብትቆፍር የምትወጣው ሳሙናቸው ላይ ነው።

መልሴ የዘገየው ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው። የመጋረጃ መስቀያዬን እንጨት በአንድ ሜትር ከዘጠና ሁለት ቆርጬ፣ ጫፉ ላይ ያንተን ስም ጻፍኩበትና ሱቅ ለሱቅ ይዤህ ዞርኩ። በአውቶቡስ ላይ አንድ ሴትዮ «ዴንዚል ማነው?» ብትለኝ «ወንድሜ ነው» አልኳት። ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

በአራተኛው ሱቅ ሻጩ ክራቫት ያሰረ፣ ሽቶ የጠገበ ጎልማሳ ነው።

«እማማ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ሜርና በለኝ። እናትህ አይደለሁም፤ ብሆን ኖሮ ያን ክራቫት አላስርህም ነበር።»

«እሺ ሜርና። ማን ነው የሚተኛበት?»

«ይሄ፣» ብዬ እንጨቱን አሳየሁት።

ከላይ እስከ ታች አየው። «ቀጠን ያሉ ናቸው። ይመቻቸዋል።»

ወደድኩት።

ሦስት ሶፋ አሳየኝ። አንደኛው አስቀያሚ አይደለም፣ ግን ለመዘርጋት ሻጩ እግሩን ግድግዳ ላይ ተክሎ በሁለት እጁ ሲጎትተው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እኔ እሱን የምዘረጋው አስቀድሜ አምቡላንስ ጠርቼ ነው። ሁለተኛው ሰማያዊ ነው፤ መደገፊያው ወደ ኋላ ቀጭ ብሎ ይወድቅና አልጋ ይሆናል፣ ግን በመሐሉ ስንጥቅ አለ። ባልና ሚስት ቢተኙበት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ንብረት ተካፈሉ ማለት ነው። ሦስተኛው አረንጓዴ ነው። ከሥሩ እንደ መሳቢያ ወደ ፊት ይሳብና በራሱ ከፍ ብሎ ከመቀመጫው ይገጥማል። ብረት የለ፣ ስንጥቅ የለ። ሲታጠፍ በመስኮቱና በማቀዝቀዣው መካከል ይገባል፤ ሲዘረጋ አንተ ተኝተህበት ሦስት ጣት ይተርፋል።

ጫማዬን አውልቄ ተጋደምኩበት፣ ለሙከራ። ዓይኔን ለመጨፈን ያህል ነበር። ሻጩ ሲቀሰቅሰኝ ሌሎች ሁለት ሶፋዎች ሸጦ ነበር። «ሰው ሲያንኮራፋበት ያየ ደንበኛ ክርክር አያበዛም፣» ብሎ አመሰገነኝ።

አረንጓዴው ወይስ ሰማያዊው? ሳታንገራግር መልስ። ሜይ እየመጣ ነው።

ሜርና


ኩበር ፒዲ፣ ማርች 10

ሜርና፣

ጉዳዩ ከእጄ ወጥቷል። ዝላታ አንብባ ሳትጨርስ ወረፋው ለሁለት ተከፈለ። የሰማያዊው ወገን «ቀላል ነው፣ ይጸዳል» ይላል። የአረንጓዴው ወገን «ስንጥቅ ላይ የሚተኛ ሰው በስንጥቅ ይሞታል» ይላል። አንዱ የጡረታ ደብዳቤውን ሊቀበል መጥቶ ንግግር አደረገ። በመጨረሻ እጅ ወጣ፤ አረንጓዴው አሥራ አንድ ለአራት አሸነፈ። እኔ ድምፅ እንድሰጥ አልተፈቀደልኝም፤ የጥቅም ግጭት አለብህ ተባልኩ።

ግን ሜርና፣ አረንጓዴ? አረንጓዴ ላይ መተኛት እንደ በግ መሆን አይደለም? ደግሞም መሳቢያ ያልሽው ነገር በእንቅልፌ መሐል ተመልሶ ቢገባስ? እኔን ይዞ? ሌላም አለ። ሜይ ላይ አዴሌድ ይዘንባል ሲሉ ሰምቻለሁ። ቀጠሮውን ለከርሞ ብናደርገው ሶፋውን በደንብ ለመምረጥም ጊዜ ይኖርሻል። የቸኮለች እንዲህ ሆነች የሚባል ነገር አለ፤ ምን እንደሆነች ረሳሁት።

ዴንዚል

ሜርና፣ ዝላታ ነኝ፣ ከፖስታ ቤት። ይህን ደብዳቤ እንዳሽግለት ሰጥቶኝ ነው። እሱ ሳያየኝ ነው የምጽፍልሽ። የት ሆኜ መሰለሽ? ከፊቱ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ። ችግሩን ከዚህ መረዳት ትችያለሽ። ሰኞ ዕለት ሲወጣ በር ላይ ላለው የፖስታ ሣጥን ኮፍያውን አንሥቶ «ደህና ዋል» አለው። ሶፋውን ግዢ።


ሴማፎር፣ ማርች 27

ውድ ዴንዚል፣

እንዴት ነህ? ሙቀቱ ጋብ አለልህ? እዚህ ደስ የሚል አየር ነው። ባሕሩ ረግቷል። በክበባችን ሣር ላይ ኳስ የማንከባለል ውድድር ነበር፤ ሁለተኛ ወጣን፤ አንደኛ የወጡት አታለዋል ግን ስም አላነሣም። የአቶ ፔቲግሩ ጉንፋን ተሽሏቸዋል። ጎመን ረክሷል።

ሶፋው፣ አዎ፣ ሶፋውን ጠይቀኸኛል። ገዛሁት። አረንጓዴውን። ደግሞም ከሱቁ ወጥቶ እዚህ ሰፈር በሰላም ደርሷል። በጣም ጥሩ ሶፋ ነው። ከባሕር ማዶ የመጡ አንዲት እናት ተኝተውበት «ወገቤ ዳነ» ብለዋል፤ ይህን የነገረችኝ የገዛ ልጃቸው ናት። መሳቢያው በእንቅልፍ መሐል አይመለስም። አይጮህም ይባላል።

ስለ መሳቢያው ሌላ የጠየቅከኝን አሁን መልስ ልሰጥህ አልችልም፣ ምክንያቱም እጄ እርጥብ ነው።

ለአውቶቡሱ ቦታ ያዝ። ኤፕሪል 30። ስለ ሌላው ሁሉ አታስብ።

ሜርና


ኩበር ፒዲ፣ ኤፕሪል 3

ሜርና፣

ዝላታ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይባላል» የሚለው ላይ ስትደርስ ወረፋው ወደ መስኮቱ ተጠጋ። «ጎመን ረክሷል» የሚለው ላይ አንዲት ሴትዮ «ሶፋው የለም፣» አለች። ሁላችንም ያሰብነውን ነው የተናገረችው። በሕይወትሽ ስለ ጎመን ጽፈሽልኝ አታውቂም።

ሶፋው የት ነው?

ሶፋ ከሌለ ውሉም የለም። ቀጠሮዬ እንዲሰረዝልኝ ለሐኪሙ ጽፌያለሁ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው፤ ቴምብር ተለጥፎበታል። መልስሽን እስከማገኝ ፖስታ ሣጥን ውስጥ አልከተውም።

ዴንዚል


ሴማፎር፣ ኤፕሪል 8

ዴንዚል፣

እንግዲህ ስማ። ዝላታም ስሚ። ወረፋው ካለ ይሰለፍ።

ሱቁ ሶፋውን ለሐሙስ አመጣለሁ ብሎኝ ነበር። ሳምንቱ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ትልልቅ ቆሻሻ የሚያነሣበት ነበር፤ ሰዉ ሁሉ አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ያረጀ ማጠቢያ ማሽኑን ከበሩ ፊት መንገድ ዳር ሣር ላይ ያወጣል። ሕጉን ታውቀዋለህ፤ መኪናው እስኪመጣ ድረስ ሣር ላይ ያለ ነገር የወደደው ነው። እኔም ባለ አበባውን አሮጌ ሶፋዬን በአቶ ፔቲግሩና በከበሮ መቺው አሸክሜ አወረድኩና፣ በትልቁ «በደንብ ይሠራል፤ የወደደ ይውሰድ» ብዬ ጽፌ ከሱ ላይ ለጠፍኩ። ለአዲሱ ቦታ ማስለቀቄ ነበር።

ማክሰኞ ክበብ ሄድኩ። ሐሙስ ያሉት ሰዎች ማክሰኞ መጡ። በር አንኳኩ፣ እኔ የለሁም። ደረጃ መውጣት ውላቸው ውስጥ የለም። ስለዚህ አረንጓዴውን ሶፋ፣ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይነሣለት፣ ሣሩ ላይ፣ ከአሮጌው ጎን፣ ልክ እንደ ወንድሙ አስቀምጠው «በሰላም ደርሷል» የሚል ወረቀት ሣጥኔ ውስጥ ጥለው ሄዱ።

እኔ ስመለስ ሣሩ ላይ ያለው አሮጌው ብቻ ነው። እንዲያውም አዘንኩለት፣ «ምስኪን፣ ማንም አልፈለገህም» ብዬ አልፌ ገባሁ። የፖስታ ሣጥኔንም አልከፈትኩ።

ረቡዕ ጠዋት በር ተንኳኳ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሳሪታ፣ ኔፓላዊቷ፣ የሰባት ወር እርጉዝ፣ በሳህን በእንፋሎት የበሰለ ሞሞ ይዛ ቆማለች። ሥጋ በሊጥ ጠቅልለው የሚሠሩት ነው። ትኩስ ነበር። መብላት ጀመርኩ።

«ለሶፋው ልናመሰግንዎ ነው፣» አለችኝ።

በመስኮት አየሁ። ባለ አበባው እዚያው አለ። «የትኛው ሶፋ?»

«አረንጓዴው! እናቴ ሰኞ ገባችልኝ፣ ለወሊዴ። ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈን ስናስተኛት በሐፍረት ልንሞት ነበር። ያን ወረቀት ያስጻፈዎት ፈጣሪ ነው። ባለቤቴ ፕላስቲኩን አይቶ "ሴትዮዋ እንዲህ ሀብታም ናት እንዴ?" አለ። እናቴ ዛሬ ስትነሣ "ወገቤ ዳነ" አለች።»

አራተኛው ሞሞ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

አሁን «ለምን መልሱልኝ አላልሽም?» ትለኛለህ። ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ ከሰው ሣር ላይ ያነሣሁት ነው። የሚያበራልኝ መብራት ከሣር ነው። አቶ ፔቲግሩ ተሰረቀብኝ ብለው እስከ ዛሬ የሚያዝኑለት የግድግዳ ሰዓት መኝታ ክፍሌ ውስጥ ነው፤ አልተሰረቀም፤ ሣር ላይ ነበር። አርባ ዓመት ከሰው ደጃፍ ስለቅም የኖርኩ ሴት በየት በኩል አፌን ልክፈት? ደግሞስ አፌ ሞልቶ ነበር።

ሱቁን ጮህኩበት። ወረቀቱን እዩት አሉኝ፤ «በሰላም ደርሷል» ይላል።

ሳልነግርህ የቀረሁት ለዚህ ነው። አውቅሃለሁ። ሶፋው ጠፋ ብልህ ዓይንህ ጠፋ ማለት ነው። ዴንዚል፣ እኔ መሬት ላይ ብተኛ አልሞትም። አንተ ግን ያን ደብዳቤ ብትከት፣ እኔም እጅህን ይዤ መንገድ ለማሻገር እዚያ ድረስ መመላለስ አልችልም። ይህን አስብ። በቁጣ አይደለም የምለምንህ።

ሜርና


ኩበር ፒዲ፣ ኤፕሪል 15

እህቴ፣

ይህን ዝላታ አላየችውም። እቤቴ ነው የጻፍኩት፣ እቤቴ ነው ያሸግኩት። አንድ ገጽ ለመሙላት ሙሉ ቀን ፈጀብኝ፤ ከመስመር ከወጣሁ ተከተዪኝ።

ያንቺን ደብዳቤ ስታነብልኝ ወረፋው በሳቅ ሞተ። እኔ አልሳቅኩም። የሣሩ ሕግ እኛም ጋ አለ። ቆፋሪ ቀለም የለሽ ብሎ ከጉድጓዱ አፍ ላይ የከመረው አፈር የቃራሚ ነው። ማንም መጥቶ ይበረብራል፤ ያገኘውን ወስዶ ይሄዳል፤ ባለ ጉድጓዱ «የኔ ነው» ቢል ከተማው ይተፋዋል።

በጃንዋሪ አንድ እፍኝ ድንጋይ አወጣሁ። ብርሃን ላይ አዞርኩት፣ አመድ ነው። ወደ ቁልሉ ወረወርኩት። ከሁለት ቀን በኋላ የምትቃርም ጎረቤቴ፣ ጀርመናዊቷ፣ ወረፋው ላይ ሳለን መጥታ መዳፏን ከፈተች። ሰዉ ሁሉ ጮኸ። «እንደ ፍም ነው!» ይላል አንዱ፤ «አረንጓዴው ደግሞ!» ይላል ሌላው። እሷ ደስታዋን ልታካፍለኝ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ከአንተ ቁልል ላይ ነው ያገኘሁት ዴንዚል፣ እስቲ እየው!»

«በጣም ያምራል፣» አልኩ።

አመድ ነበር የታየኝ።

እንግዲህ ቀለም እለያለሁ ብዬ የጻፍኩልሽ ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ስለ ሶፋ ዋሸሽ፣ እኔ ስለ ዓይኔ፤ ያንቺ ይሻላል፣ ቢያንስ አንዲት እናት ተኝታበታለች።

ሌላም አለ። የፈራሁት ሶፋውን አልነበረም። ብረቱም፣ ስንጥቁም፣ አረንጓዴውም ሰበብ ነው። ሐኪሙ «ነቅተህ ነው የምትሠራው» አለኝ። አምሳ ዓመት ድንጋይ ውስጥ ፈንጂ ስቀብር ኖሬ፣ ሰው ስለት ይዞ ወደ ክፍት ዓይኔ ሲመጣ ማየት አልችልም። ስለዚህ ሶፋ ፈልጊ አልኩሽ፤ አታገኚም ብዬ። ትንሽ ሆኖ እኔን የሚችል ሶፋ ያለ አልመሰለኝም። አንቺ እንጨት ቆርጠሽ ከተማውን ዞርሽ።

ከሳሪታ እናት ሶፋውን እንዳትጠይቂ። ብትጠይቂ አልመጣም፣ ይህ ሰበብ አይደለም።

የሐኪሙን ደብዳቤ ቀድጄዋለሁ። ቴምብሩ አሳዘነኝ። 30 ላይ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። የምተኛው ወንበር ላይም ቢሆን ግድ የለኝም።

ሰው ስለት ሲያይ ምን ይሰማዋል? ጠይቀሽ ንገሪኝ። ለዝላታ በማይገባት መንገድ ጻፊው።

ዴንዚል


ሴማፎር፣ ኤፕሪል 20

ዴንዜ፣

በነገር ልወጋህ ሦስት ጊዜ ብዕር አነሣሁ፣ ሦስቴም አስቀመጥኩት። በዚህ ጉዳይ አልቀልድም። የመጨረሻዬ ነው፤ አትልመደው።

ያልከውን የሐኪሙን ነርስ ጠየቅኳት። መልሱ፦ «ምንም አይታይም» ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ከላይ ብርሃን ብቻ ነው። ሰማያዊና ሮዝ፣ እንደ ውሃ የሚወዛወዝ። አንድ ሰውዬ ሲያልቅ «ትንሽ ልቆይበት?» ብሎ ለምኗል አለችኝ። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ዝላታ፣ ይህ ስለ ሲኒማ ነው።

የምትተኛበት ተገኝቷል። የሚቀጥለው ሰፈር የቆሻሻ ሳምንት ስለነበር ከሳሪታ ባል ጋር በመኪናው ዞርን። የነገሩን እውነት ነግሬያቸዋለሁ፤ ሳሪታ አልቅሳ «አሁኑኑ እንመልስ» ስትል፣ አንተ ያልከውን ሕግ ነገርኳት፤ እናትዬውም በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናግረው ሶፋው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። ሴትዮዋ ሕግ ያውቃሉ። ባልዬው ግን ዕዳ አለብኝ ብሎ፣ ከአንድ ደጃፍ ያነሣነውን ተዘርጊ ሶፋ ብቻውን ደረጃውን አወጣልኝ። ቡናማ ከፋይ ነው። ድመት ድመት ይሸታል። ይዘረጋል፣ በሦስተኛው እርግጫ።

ብረቱ አለው። ልክ ወገብ ላይ።

ና።

ሜርና


ኩበር ፒዲ፣ ሜይ 29

እህቴ ሜርና፣

በመጀመሪያ፣ ደብዳቤሽን ራሴ አነበብኩት፣ መስኮቷ ፊት ቆሜ፣ በልቤ። ወረፋው አኮረፈ። ዝላታ «ቢያንስ ስትስቅ በምን እንደሳቅክ ንገረን» አለች። አልነገርኳትም። አሁን ሰው ሁሉ በዝምታ ይሰለፋል፤ ፖስታ ቤቱ እንደ ባንክ ሆኗል።

ለጠየቅሽኝ መልሱ አዎ ነው፤ ወገቤን አሁንም ያመኛል። ከአሥራ አራት ሌሊት አሥራ አራቱንም ያ ብረት አብሮኝ አድሯል። ለሰው ስነግር ግን ቅሬታ አይመስልብኝም፤ ሰው ስለ ጉዞው እንደሚያወራ ነው የማወራው። ደግሞም ቁመቴን ሐኪም ቤት ሲለኩ አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት ሆኖ መገኘቱን ለማንም እንዳትነግሪ። መንግሥት የጻፈው የዛሬ አምሳ ዓመት ነው። ያን እንጨት ቁረጪው።

ጀርመናዊቷ ጋ ሄጄ ድንጋዩን እንድታሳየኝ ለመንኳት። አልሸጠችውም። ፀሐይ ላይ ይዤው ብዙ ቆየሁ። ቀዩ ይሮጣል ሜርና፤ ስታዞሪው ከጫፍ ጫፍ ይሮጣል። «ያንተ ነበር፣» አለችኝ አፍራ። «የለም፣ ያንቺ ነው። እኔ ያወጣሁት አመድ ነበር፣» አልኳት። ሻይ አፈላችልኝ። ነገ ደግሞ ና ብላኛለች፤ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

አሁን እዚያ ሳለሁ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ።

የዓይኔ መሸፈኛ የተነሣ ዕለት ትዝ ይልሻል? መጀመሪያ ሐኪሙን አየሁት፤ አፍንጫው ላይ ኪንታሮት አለው። ቀጥሎ ዞር ስል አንቺን አየሁ፣ ዝም አልኩ። አንቺ ደነገጥሽ፤ «አይታይህም? ዴንዜ፣ አይታይህም?» እያልሽ እጄን ጨመቅሽው። «ይታየኛል» አልኩሽና ሌላ ነገር አወራሁ።

ሜርና፣ አርጅተሻል። ማንም አልነገረኝም። ሞራው መቼ እንደ ጀመረኝ እንጃ፤ ስድስት ዓመት ይሆናል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ በየገናው ከፊቴ የምትቀመጠው ያቺው ቡናማ ጠጉሯ፣ ለጠብ የማትደክም ሴት ነበረች። በአንድ ቅጽበት ሄደች፣ በቦታዋ ነጭ ጠጉር ያላት ሽማግሌ ሴት ጃኬቷን አዛንፋ ቆልፋ ቆማ አየሁ። ከዓይንሽ ሥር ያሉት ሁለት መስመሮች የእናታችን ናቸው። ልክ የሷ። እሷን ከቀበርን ሠላሳ ዓመት አልፎናል፣ እኔ ደግሞ እዚያ ሐኪም ቤት ውስጥ «እማዬ» ልል ምንም አልቀረኝ።

ይህን ፊት ለፊት መናገር አቃተኝ። አውቶቡስ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዓት ይዤው መጣሁና ይኸው ጻፍኩት። አትቀየሚ። እቤት ስገባ መስታወት አይቻለሁ፤ ስለኔም ዝም ብላችሁኛል።

ለግራው ዓይን ኖቬምበር 11 ቀጥረውኛል፤ ለሁለተኛ ዓይን ተራው አጭር ነው አሉ። እመጣለሁ። በሱ ደግሞ ምን እንደምትመስዪ እናያለን።

ወንድምሽ ዴንዚል